የአውራ ጣት ማር

አዲስ አበባ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዚነት አህመድ፤ ነቀምቴ

እንደምን ሰነበትሽ ዚነት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ወንድምአገኝ በጠያቂ ሰዓት አልጋዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው በየቀኑ እርሳስ የሚጥል ልጅ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያመላልሳል፤ እስካሁን ማንንም አልጣለም። ደብዳቤሽን ለእሱ መስጠትሽን ቀጥይ።

ለጥያቄዎችሽ በተራ እመልሳለሁ። በስልክ ለምን አናወራም ላልሽው፣ ስልክ ላይ ሰው የሚለው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ» ብቻ ነው። ደብዳቤ ግን ደግመሽ ታነቢዋለሽ። በዚያ ላይ ባለፈው ስደውል ያወራችኝ ዱረቲ ናት፤ ከአንቺ የሰማሁት ለቅሶሽን ብቻ ነው።

ምን አመመዎት ላልሽው፣ ትንሽ ነገር ነው። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ነቀምቴ የሌለ መሣሪያ ስላላቸው መጣሁ። ከዚህ በላይ የልጅ ጉዳይ አይደለም። መቼ ይመጣሉ ላልሽውም፣ ሲለቁኝ።

ዱረቲ ቤት እንደ እንግዳ እጅሽን አጣጥፈሽ እንዳትቀመጪ። ጎረቤት ልጅን ተቀብሎ ማሳደር ቀላል ነገር አይደለም። ልጇ ኢቢሴ በኦሮምኛ የተማራችሁትን ሒሳብ ታስረዳሽ፤ አንቺ አማርኛውን አስነብቢያት። ስትንተባተብ አትሳቂባት። የእኛን ቤት መስኮት እሑድ እሑድ ክፈቺ፤ ያልተናፈሰ ቤት ይሸታል። ከምግብ በፊትም በኋላም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የበሉበትን እጅ ሳይታጠቡ መቀመጥ ነውር ነው። ይህን የምደጋግመው ስለምትረሺው ነው።

አስካለ ወልደየስ

---

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስካለ

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዱረቲም፣ ባሏ ጋሼ ቀነአም፣ ኢቢሴም ደህና ናቸው። የኢቢሴን አያት እኔም አሁን እንደ እሷ አኮ ነው የምላቸው፤ ራሳቸው ናቸው እንደዚያ በይኝ ያሉኝ። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ወንድምአገኝ አልመጣም።

እጄን እታጠባለሁ። አንድ ቀን ብቻ ረስቻለሁ። ኢቢሴ እያነበበች ነው፤ አልሳቅሁባትም፤ እሷ ግን በእኔ ሒሳብ ትስቃለች። መስኮቱን እሑድ እከፍተዋለሁ፤ ነገር ግን ቶሎ እዘጋዋለሁ። ቤቱ እርስዎን እርስዎን ይሸታል፤ እንዳይወጣ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ከወሎ አንድ ሰው ለዱረቲ ደወለ። «ይስማው እባላለሁ፣ የአህመድ ታላቅ ወንድም ነኝ» አለ። አባቴ በድርቁ ጊዜ በአያቴ ጀርባ ታዝሎ ወደ ኪራሙ ሲመጣ፣ እዚያ የቀረ ወንድም እንዳለው ይነግረኝ ነበር። እኔ ግን አይቼው አላውቅም። «መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሏታል። ዱረቲ እንዳልሰማ ብላ ወደ ጓሮ ወጥታ ነበር፤ ሰማሁ።

አባቴ ኪራሙ ከቀረ፣ እርስዎም ከተፈናቃዮች መጠለያው ከወሰዱኝ ወዲህ ማንም ፈልጎኝ አያውቅም። ለምን አሁን? የዱረቲን ስልክ ቁጥርስ ከየት አገኘው? እርስዎ ያውቃሉ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ማር ልኬልዎታለሁ። ጋሼ ቀነአ ከሳሲጋ ካመጡት ከአዲሱ ነው፤ አኮ ናቸው የሰጡኝ። ለምን እንደላክሁት እርስዎ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ነገር የለም። ልምጣ ወይስ እስኪመጡ ልጠብቅ?

ዚነት አህመድ

---

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዚነት አህመድ

እንደምን አለሽ? ማሩ በደህና ደረሰ፤ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ነጭ ማር እዚህ አይገኝም። ክፍላችን ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ፣ ዘርፈሽ የምትባል የጅማ ሰው፣ ሳል ስላስቸገራት መጀመሪያ እሷ ቀመሰች። ከዚያ በዳቦ እየቀባን ሁላችንም በላን። ጠርሙሱንም በሞቀ ውሃ አለቅልቀን ጠጣነው። ጣታቸውን ሲልሱ አይቼ አንድ ባንድ አስነስቼ አስታጠብኋቸው። ዘርፈሽ «እርስዎ እዚህም ተማሪ አገኙ» አለችኝ። ለሳል ብለሽ እንደላክሽው ገብቶኛል፤ እኔ ግን ሳል የለብኝም፤ አታስቢ።

ልምጣ ላልሽው፣ ትምህርት ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ አላስብም።

አጎትሽ የሥጋ ዘመድሽ ነው። ሲደውል በአክብሮት ተናገሪ። ለምን አሁን ላልሽው፣ ሰው ዘመዱን የሚፈልግበት የተቆረጠ ቀን የለውም። ስለ ስልክ ቁጥሩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ነርሷ መጥታለች።

መስኮቱን እንደሚገባ ክፈቺው።

አስካለ ወልደየስ

---

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አስካለ

ማሩን በሉት?

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅርታ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ግን ማሩ ለመብላት አልነበረም። ያውቃሉ ብዬ ነው ያልነገርሁዎት።

አጎቴ የደወለ ቀን ማታ ከአኮ ጋር ጎመን ስንቀነጥስ «አኮ፣ ሰው ያልወለዳትን ልጅ ቢያሳድግ ሊወስዱበት ይችላሉ?» አልኋቸው።

«የማንን ልጅ?» አሉኝ።

«የማንንም።»

ሳቁብኝና «ኢንተለ ኮ፣ ማር ከቀመሰችማ ማን ይወስዳታል» አሉ። ኢንተለ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ልጅ የምትወስድ ሴት በሽማግሌዎች ፊት ጡቷ ላይ ማር ትቀባለች፤ ልጅቱ ትጠባዋለች፤ ከዚያ በኋላ የጡት ልጇ ናት፤ ከወለደቻቸው ልጆች አትለይም። አባቴም ኪራሙ እያለን የጡት ልጅ ስለሚባል ነገር ሲያወራ ሰምቼ ነበር።

እኛ ማር አልቀመስንም፤ ስለዚህ ነው አጎቴ ሊወስደኝ የሚችለው። ማሩን ሲያዩ ወዲያው ይገባዎታል፣ ሳይከፍቱ ያስቀምጡና ነይ ይሉኛል ብዬ ነበር። ዘርፈሽ ለሚባሉት ሴትዮ ሳሉ ይሻላቸው። አኮ ሌላ ማር ሰጥተውኛል። ይህን ግን አልክም፤ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። እርስዎ እስኪጠሩኝ አይከፈትም።

ዚነት

---

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዚነት አህመድ

እንደምን አለሽ? ለምን እንደላክሽው አለማወቄ ጥፋት ከሆነ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ።

የጠየቅሽኝ ነገር ግን አይሆንም። አንቺ እናትና አባት ያለሽ ልጅ ነሽ፤ ሙታን ቢሆኑም። መጠለያው ውስጥ ስምሽን ስጠይቅሽ ሌሎቹ ልጆች ስማቸውን ብቻ ሲነግሩኝ አንቺ «ዚነት አህመድ» ብለሽ ነው የመለስሽልኝ። ያን ስም እኔ በማር አላስለቅቅሽም። አጎትሽም ሥጋሽ ነው፤ በሕይወት ያለ ዘመድ እያለ ባዕድ መሐል አይገባም። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚሆንልኝ አይደለም።

ነገሩን ደግመሽ አታንሺው። ማሩን ከኢቢሴ ጋር በዳቦ ብሉት።

ብርዱ እየመጣ ነው። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ነው። አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አስጪውና ልበሺው።

አስካለ ወልደየስ

---

ነቀምቴ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት አስካለ ወልደየስ

ጤና ይስጥልኝ።

አጎቴ እንደገና ደወለ። ዱረቲ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እንዳሉኝ በአክብሮት ተናገርሁ። ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነው። «አጎቴ፣ ቁጥሩን ማን ሰጠዎት?» አልሁት።

«መምህርቷ ናቸዋ፣ አላህ ይስጣቸው» አለኝ። «ከቀበሌ ቀበሌ አስጠይቀው አገኙኝ። የወንድምህ ልጅ እኔ ጋ አለች፣ ና ውሰዳት አሉኝ። እኔማ ሁላችሁም ያለቃችሁ መስሎኝ ነበር።»

እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር። እንደሰለቸሁዎት ቢነግሩኝ እጄን መታጠብ አልረሳም ነበር። ስበላም ድምፅ አላሰማም ነበር።

በሚመጣው ሳምንት ይመጣል። ልብሴን አጥፌያለሁ። ማሩን አልበላነውም። መስኮቱን እንዳዘዙኝ በደንብ ከፍቼዋለሁ፤ አሁን ቤቱ ምንም አይሸትም።

ዚነት አህመድ

---

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዚነት

ወንድምአገኝ ነገ ጠዋት ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ደብዳቤው ግን ረጅም ነው። ዱረቲ አጠገብሽ እያለች አንብቢው።

አጎትሽ የነገረሽ እውነት ነው። ያፈላለግሁት እኔ ነኝ። ነቀምቴ ሐኪሙ በሽታዬን የነገረኝ ቀን ወደ ቤት አልመጣሁም፤ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ነው የሄድሁት። መጠለያው ውስጥ ሳገኝሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠሽ የሚገባውን ሰው ሁሉ ቀና እያልሽ ታዪ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሲጫወቱ አንቺ ከዚያ በር አትነቃነቂም ነበር። እኔ ከሌለሁ ይህች ልጅ እንደገና በር ላይ ትቀመጣለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሰው ፈለግሁልሽ። አጎትሽ ተገኘ ሲሉኝ ግን ደስ አላለኝም፤ ይህንንም እወቂ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ያመመኝ ጡቴ ነው። ካንሰር ይባላል። መስከረም ሲገባ ሁለቱንም ቆርጠው አወጧቸው። «ትንሽ ነገር ነው» ብዬ ስጽፍልሽ ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር። አሁን በክንዴ መድኃኒት ይሰጡኛል፤ ጠጉሬ ረግፏል፤ መድኃኒቱም ብዙ ወራት ይቀረዋል። ሐኪሞቹ ደህና ነው ይላሉ። እድናለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። የማልፈጽመውን ቃል ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለአንቺም አልጀምርም።

ስለ ጡት ልጅ የጻፍሽልኝን ሳነብ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ዘርፈሽ «መጥፎ ወሬ ነው እንዴ እትዬ?» አለችኝ። አይደለም አልኋት። አንቺ ማር የሚቀባበት ብለሽ የጻፍሽው ቦታ ላይ ዛሬ ያለው ስፌት ነው። ይህን ለልጅ እንዴት አድርጌ ልጻፍ? የምጽፈው ቢጠፋኝ አይሆንም ብዬ ብቻ ጻፍሁልሽ።

እንደሰለቸሽኝ ጽፈሻል። ያን መስመር ሰርዢው። ልክ አይደለም።

አጎትሽ ሲመጣ አክብረሽ ተቀበዪው። ቅሪ የማለት ሥልጣን የእኔ አይደለም፤ የእሱ ነው። መሄድሽ ከሆነ ግን ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ሳላይሽ እንዳታልፊ።

እትዬሽ አስካለ

---

ነቀምቴ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ

ጤናዎ እንዴት ነው? ቁስሉ ያምዎታል? ያን መስመር ሰርዤዋለሁ። ቅጂው እኔ ጋ ስለሌለ በልቤ ነው የሰረዝሁት፤ እርስዎም እዚያ ይሰርዙልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ አጎቴ የመጣ ዕለት ነው። አጎቴ ረጅም ነው፤ ሲቀመጥ ግን እንደ አባቴ ጉልበቱን ያቅፋል። አዝመራውን ለልጆቹ ትቶ ነው የመጣው። ሲያየኝ «አፍንጫው የእሱ ነው» አለ፣ ለጋሼ ቀነአ።

ዱረቲ ምሳ ስታቀርብ «ሥጋ ካለበት ይቅርብኝ» አላት።

«የለበትም፣ ይብሉ» አለችው።

ጥቂት በልቶ ወደ እኔ ዞረና «ይች ልጅ እስከዛሬ የማንን ሥጋ ስትበላ ኖረች?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው የሚመስለው።

«የእናንተን ነዋ» አለችው ዱረቲ። «ቲቸር ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው እስከ መስጊዱ ይሄዳሉ፤ እዚያ ያርዱላቸዋል። የጨለለቂ ሰፈር ሰው ሁሉ ስቆባቸዋል እኮ። ያን ሁሉ ዓመት ዱላ ይዘው ያየናቸው ሴትዮ፣ ዶሮ ይዘው!»

«እሳቸውስ ይበሉታል?»

«ክርስቲያን አይደሉ እንዴ፣ እንዴት ይበሉታል? የራሳቸውን ደግሞ በልጅቱ ድስት አልሠራም አሉ። ይች ከገባች ወዲህ ቲቸር ሥጋ ቀምሰው አያውቁም።»

እትዬ፣ ለእኔ ሐኪም ከልክሎኛል ነበር ያሉኝ። በፋሲካም ሽሮ ነበር የሚበሉት። እኔ ሐኪሙን እረግመው ነበር።

አጎቴ መብላቱን አቆመ። «ምን ጻፉልሽ? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ያመመኝ ጡቴ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት። ኢቢሴ ከእጄ ወስዳ ቀጠለች። እየተንተባተበች ነው ያነበበችው፤ ቀስ ብላ በማንበቧ ሁሉም ሰው እያንዳንዱን ቃል ሰማ። አኮ ስለ ስፌቱ ሲሰሙ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሲያልቅ አጎቴ «ለማሩ ቦታ የለም ነው የሚሉት?» አለ።

«አዎ» አልሁት።

«ጡት ላይ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉት አኮ። «በእኛ እንደዚያ ነው።»

«በእኛ አገር በአውራ ጣትም ይሆናል፣ እናቴ። አባቴ የጡት ልጅ ነበረው፤ ማሩን አውራ ጣቱ ላይ ቀብቶ ነው ያጠባው። ያ ጺማም ሰውዬ ጡት ከየት ያመጣል?»

አኮ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ዱረቲ ብቻ አልሳቀችም። «እና እርስዎ ይሰጣሉ?» አለችው።

እኔ ሄጄ ማሩን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁትና ፊቱ አስቀመጥሁት።

ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። «ሳልሰጥ ቢቀባ ዋጋ የለውም» አለ። «ሥጋዬ ናት፤ የምሰጠው እኔ ነኝ። የአባቷ ስም ይቆያል። ሃይማኖቷም ይቆያል፤ እሱን እንኳ እሳቸው ጠብቀውልኛል። በየዒዱ ወደ እኛ ትመጣለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሳቸው የፈሩት ቢደርስ እንኳ በር ላይ አትቀመጪም። እኔ አለሁ። አብሽሪ።»

እርስዎ የማይሆን ነው ካሉ ግን እሱም አይሆንም። ሐሙስ በወንድምአገኝ አውቶቡስ እንነሳለን። አዲስ አበባ ላይ አጎቴ ወደ ወሎ ይሄዳል። እኔ የማንን አውቶቡስ እንደምሳፈር የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። ምስክር ያስፈልጋል ብለዋል አኮ፤ ዘርፈሽ የሚባሉት ሴትዮ ይሆናሉ?

እጄን ታጥቤ ነው የጻፍሁት።

ዚነት አህመድ

---

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዚነት

እንደምን አለሽ? ከወንድምአገኝ ጋር በደህና ነቀምቴ መግባትሽን ዱረቲ ደውላ ነግራኛለች። አጎትሽም ወሎ ገብቷል፤ ማሽላው ሳይረግፍ ደርሷል።

ለጥያቄዎችሽ በተራ እመልሳለሁ። ያጠፍሁትን ልብስ የት ላድርገው ላልሽው፣ ወደነበረበት መልሺው፤ ሳጥኑ የአንቺም ነው። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራዎት ላልሽው፣ እናትሽን የጠራሽበት ስም የእሷ ነው። እትዬ በቂዬ ነው።

አመመዎት ወይ ላልሽው፣ ጥርስሽ ስለታም ነው። ማር የቀባሁትን የቀኝ አውራ ጣቴን አጥብቀሽ ነበር የያዝሽው። ዘርፈሽ «ልጅቱ ልትበላቸው ነው» ብላ የጮኸችው ለዚህ ነው። አሁን አዲስ በሽተኛ በገባ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያው ትናገራለች፤ የማላስታውሳቸውን ነገሮችም ትጨምርበታለች። አጎትሽ ሴቶች ክፍል አልገባም ብሎ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሰጥቻለሁ» ያለውን ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምትናገረው።

መቼ ይመጣሉ ላልሽው፣ አላውቅም። ባለፈው ሲለቁኝ ብዬሽ ነበር፤ ያ መልስ አልነበረም። መድኃኒቱ ሲያደክመኝ ዓይኔን ጨፍኜ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ በልቤ እሄደዋለሁ። የዱረቲን አጥር አልፌ በራችን ጋ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍቼ አልገባሁም።

መስኮቱን እሑድ እሑድ ትንሽ ብቻ ክፈቺው። ቶሎ ዝጊው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽና ለኢቢሴ እንዳታወሪ። አንቺ የሄድሽ ዕለት ምሳ መጣ፤ በግራ እጄ በማንኪያ በላሁ። ዘርፈሽ አየችኝ፤ እሷ እንኳ ምንም አላለችም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ለመርፌው እጄን በአልኮል ልትጠርገው መጣች። «የትኛው ይሻላል?» አለችኝ።

ግራውን ሰጠኋት።

እትዬሽ አስካለ